የባሕር በር አየሁ

ስሙኝማ ወገኖቼ። በዚህ ገጽ ላይ "የባሕር በር" የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍን የቆጠረ አለ? እኔ ራሴ ለዚህ ገጽ ከጻፍኳቸው ውስጥ ግማሹ እሱን የሚነካ ነው። ካርታ ለጥፈናል፣ ታሪክ ጠቅሰናል፣ ተሳድበናል፣ ተሰድበናል። ግን በሞቴ፣ እውነቱን እናውራ፤ ከኛ መሃል ባሕር በዓይኑ ያየ ስንት ሰው ነው? እኔ እስከ ዘንድሮ አላየሁም ነበር። 26 ዓመቴ ነው፣ ዲግሪ አለኝ፣ ላንጋኖን አይቻለሁ፣ ጣናን አይቻለሁ። ባሕር ግን በስልክ ስክሪን ብቻ ነበር የማውቀው።

ዛሬ ስለ አንድ በር ነው የምጽፍላችሁ። የእንጨትና የብረት በር፣ ባሕር ዳር የቆመ፣ ከላዩ ድንጋይ ላይ ጽሑፍ ያለበት። ኬንያ፣ ሞምባሳ ከተማ ውስጥ ያለው የፎርት ጂሰስ ምሽግ በር ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

እንዴት እዛ ደረስክ ለምትሉኝ፦ ከተመረቅኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሲቪዬን ያላስገባሁበት መሥሪያ ቤት ካለ ጠቁሙኝ። ናይሮቢ የምትኖር አክስቴ "ቤት ቁጭ ብለህ ስልክ ከምትነካካ ና፣ እዚህ የሚገኝ ነገር ካለ እንሞክር" አለችኝ። ለኬንያ ቪዛ አንጠየቅም። በሞያሌ አድርጌ በአውቶቡስ ተንገላትቼ ገባሁ። ሥራው አልተገኘም፣ ይሄን አላስረዝመውም። ልመለስ ስል አክስቴ የባቡር ትኬት ቆረጠችልኝና "ባሕር፣ ባሕር ስትል ነው የምትውለው፤ ሂድና እየው" አለችኝ። ሽሙጥ ትሁን ፍቅር እስካሁን አልገባኝም።

ባቡሩ ሞምባሳ ደሴት ላይ አያወርዳችሁም፤ ጣቢያው ከከተማው ራቅ ያለ ነው። ከዛ በማታቱ፣ ማለትም በነሱ ታክሲ፣ ተጨናንቄ ገባሁ። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ጨው፣ ዓሣ፣ የበሰበሰ ነገር፣ የተጠበሰ ነገር፣ ሁሉም አንድ ላይ። ሙቀቱ ልብስ አውልቅ አውልቅ ያሰኛል። ከአሮጌው ከተማ ጫፍ ላይ ስደርስ ሰማያዊው ነገር በሕንፃዎች መሃል ብቅ አለ። አልዋሻችሁም፣ ቆሜ ቀረሁ። ወዲያ ማዶ የለውም እኮ! የሐይቅ ሰው ማዶ መፈለግ ልማዱ ነው።

ምሽጉ እዛው ዳር ላይ ነው። ግድግዳው ከኮራል ድንጋይ የተሠራ፣ ቀለሙ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ፣ አንገት የሚያስቃና ነው። በመሬት በኩል አለቱን ጠርበው ጥልቅ ቦይ አውጥተውለታል። ከበሩ ፊት ለፊት አሮጌ መድፎች ተደርድረዋል፤ ልጆች ላያቸው ላይ ተቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ። የበሩ ሳንቃ ወፍራም ነው፣ ሹል ሹል ብረት ተተክሎበታል። ከገቡ በኋላ ጨለም ያለ ቅስት መተላለፊያ አለ፤ ጎኑ ላይ የዘበኞች ክፍል። ከዛ ድንገት ብርሃን፣ ሰፊ ግቢ፣ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን መሠረት፣ ጉድጓድ፣ ሣር። አገባቡ ሆን ተብሎ የታሰበ ነው፤ በዛች ጨለማ ውስጥ የሚያልፍ ሰው ትንሽ ሆኖ እንዲሰማው። ለኔ ተሰምቶኛል፣ ትኬት ከፍዬ እንኳ። ደግሞ የከፈልኩት እንደ ውጭ ዜጋ ነው፤ ይሄ ያናድዳል፣ ግን ሌላ ቀን።

ማን ሠራው? ፖርቱጋሎች። ከ1593 እስከ 1596 ባለው ጊዜ፣ የስፔንና የፖርቱጋል ንጉሥ በነበረው ፊሊፕ ትእዛዝ፣ ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ በሚባል የሚላን መሐንዲስ ንድፍ። ከዛ በፊት ሞምባሳን ብቻ ሦስት ጊዜ አቃጥለዋል፣ ዘርፈዋል፦ በ1505፣ በ1528፣ በ1589። እየመጡ መዝረፉ ሲሰለቻቸው ቋሚ ቤት ሠሩ ማለት ነው። የሚገርመው ስሙ ነው፤ ለመድፍ ማስቀመጫ የጌታን ስም አወጡለት። ስም ማሳመር የኛ ዘመን ፈጠራ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ በሩ ታሪክ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ታገሡኝ።

የሞምባሳ ንጉሥ የነበረው ሱልጣን ሐሰን ከምሽጉ አዛዥ ጋር ተጣላ፣ ሸሸ፣ በ1614 በፖርቱጋሎች እጅ አዙር ተገደለ። ልጁ ዩሱፍ ገና ሕፃን ነበር። ሕንድ፣ ጎዋ፣ ወሰዱት፤ መነኮሳት አሳደጉት፣ አጠመቁት፣ ዶም ጄሮኒሞ ብለው ስም አወጡለት። በ1626 "የኛ ሰው" ብለው ንጉሥ አድርገው መለሱት። አስቡት፤ አባቱን ያስገደሉ ሰዎች ባስተማሩት ቋንቋ እየተናገረ፣ ባወጡለት ስም እየተጠራ፣ በነሱ በር እየገባ እየወጣ። በነሐሴ 1631 በዚሁ በር ገባና አዛዡን በጩቤ ወጋው። ምሽጉን ያዘ። ከጎዋ የመጣ ጦር ከብቦት ሊያስለቅቀው አልቻለም። በኋላ ራሱ አፈራርሶት በ1632 በመርከብ ወጣ።

እስከዚህ ድረስ ሳነብ፣ እንደናንተው፣ "ጀግና!" ብያለሁ። አስጎብኚው አዛውንት ግን ቀጠሉ። ከአዛዡ በኋላ በከተማው የነበሩት ፖርቱጋሎችና ክርስትናን የተቀበሉ የአገሬው ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ተገድለዋል። አዛውንቱ ይሄን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን አላነሱም፣ አላወረዱም። ከተማው የሳቸው ነው፣ ታሪኩም የሳቸው ነው፣ የሚደብቁት ነገር የለም። እኔ ብሆን ያቺን ክፍል ዘልዬ ነበር የምለጥፈው። እናንተም ታውቁኛላችሁ።

ፖርቱጋሎቹ ተመለሱ፣ ምሽጉን ጠገኑት። ከበሩ በላይ ያለው ጽሑፍ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። 1639 ይላል። አዛውንቱ መስመር በመስመር በእንግሊዝኛ ተረጎሙልኝ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ስንደርስ ሳቅ አመለጠኝ። ምን ሆንክ አሉኝ። "አባቴ፣ ይሄ እኮ ሲቪ ነው" አልኳቸው።

እውነቴን ነው። ስም፦ ፍራንሲስኮ ዴ ሴይሻስ ዴ ካብሬይራ። ዕድሜ፦ 27። የሥራ መደብ፦ በ1635 የዚህ ምሽግ አዛዥ፣ ለአራት ዓመት። የሥራ ልምድ፦ ምሽጉን አደሰ፣ የዘበኞቹን ክፍል ሠራ። ያመፀውን ጠረፍ ለንጉሡ አስገበረ። የኦቶንዶ፣ የማንድራ፣ የሉዚዋና የጃካ ነገሥታት ግብር እንዲከፍሉ አደረገ። ፓቴና ሲዩ የሚባሉ ከተሞችን ራሱ ሄዶ፣ በሕንድ ግዛት ሁሉ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ቅጣት ቀጣቸው፤ ግንባቸውን እስከ ማፍረስ። የፔምባን ሹማምንትና ትልልቅ ሰዎች በገዛ ሥልጣኑ ገደላቸው። ሽልማት፦ የንጉሡ ቤተሰብ ባላባትነት፣ በየዓመቱ የሚከፈል ገንዘብ፣ ወደፊት ደግሞ በሴሎን፣ በዛሬው ስሪላንካ፣ የሹመት ተስፋ። ምስክር፦ የሕንድ እንደራሴው ፔድሮ ዳ ሲልቫ።

27 ዓመት! ከኔ በአንድ ዓመት ይበልጣል። እኔ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዤ በየቢሮው ስንከራተት፣ ይሄ ልጅ ሲቪውን ድንጋይ ላይ ቀርጾ በር ላይ ሰቀለው፤ ከ380 ዓመት በላይ ሲነበብ ኖረ። ቀናሁ ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ ለደቂቃ ቀንቻለሁ።

ከዛ አዛውንቱን ጠየቅኳቸው፦ "የተገደሉት የፔምባ ሰዎች ስማቸው ማን ነበር?"

"ድንጋዩ አይልም" አሉኝ።

"ስንት ነበሩ?"

"ድንጋዩ አይልም።"

ይሄን ጊዜ ነው አንድ ነገር ሆዴን የቆረጠኝ። "ታይቶ የማያውቅ ቅጣት" የሚለውን ሐረግ የት እንደማውቀው አስታወስኩ። የራሴ ነው። ዓምና፣ ያ ግርግር በነበረ ሰሞን፣ በዚሁ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። ከተማዋን አሁን አልጠራትም፤ የታሪኩ ተከታታዮች ታውቋታላችሁ። "ታይቶ የማያውቅ ቅጣት ይገባቸዋል" ነበር ያልኩት፣ ቃል በቃል። በዚህ ገጽ ከጻፍኳቸው ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው እሱ ነው። በአንድ ሌሊት ስልኬ ሲንጫረር አደረ። ሥራ የሌለው ሰው ያን ሲያይ ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ፤ ለአንዴም ቢሆን የምፈለግ መሰለኝ። ከኮሜንቶቹ መሃል አንዲት ልጅ፦ "እናቴ እዛ ነው የምትኖረው። እሷንም ነው?" ብላ ጠይቃ ነበር። ከሥሯ የሳቅ ምልክት ተደረደረ። እኔ አልመለስኩላትም። አይቼዋለሁ፣ ግን አልመለስኩላትም።

ከዚያ በር ሥር ቆሜ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ የአንድ ፖርቱጋላዊ የ27 ዓመት ጎረምሳ አረፍተ ነገር ከኔው ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት። እሱ ቢያንስ ንጉሥ ልኮት ነው፣ ደመወዝም ነበረው። እኔን የላከኝ ማን ነው?

ደግሞ እዩልኝ የጉራውን ዕድሜ። ያ ጽሑፍ በተቀረጸ በ59 ዓመቱ ምሽጉ ከእጃቸው ወጣ። በመጋቢት 1696 የኦማን ጦር ከበበው። ከበባው እስከ ታህሳስ 1698 ቆየ፤ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር። ውስጥ ያሉት በጥይት ሳይሆን በበሽታ ነው ያለቁት። ሳንቶ አንቶኒዮ ዴ ታና የምትባል የፖርቱጋል መርከብ እዛው ምሽጉ ፊት ለፊት ሰጠመች፤ በ1970ዎቹ ጠላቂዎች ያወጧቸው ዕቃዎቿ ዛሬ ሙዚየሙ ውስጥ አሉ። ሳህን፣ ማሰሮ፣ የሰው ቤት ዕቃ። በመጨረሻው ቀን ምሽጉ ሲያዝ ውስጥ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ያ ሁሉ "አስገበረ፣ ቀጣ፣ አፈረሰ" በሩን አንድ ቀን እንኳ አላቆየውም።

አንድ ሰው ግን አለ፣ ስሙን ያዙልኝ፦ ቡዋና ዳውድ። የፋዛ ሰው ነው፣ የዛው ጠረፍ ልጅ፣ ሙስሊም። በ1697 ፖርቱጋላዊ አዛዦቹ አንድ በአንድ ሲሞቱ ምሽጉን ይዞ ያዋጋው እሱ ነው። አሁን "ባንዳ!" ልትሉ አፋችሁ ላይ መጥቷል፣ አውቃለሁ። እኔም ብያለሁ። ግን ከተማው ፋዛ ከጎረቤቷ ከፓቴ ጋር የቆየ ጠብ ነበራት፣ ፓቴ ደግሞ ከኦማን ጋር ነበረች። እሱ የመረጠው በፖርቱጋልና በአፍሪካ መካከል አይደለም፤ በዛ ዘመን ሰው የሚያስበው ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ወገኑ፣ ስለ ከተማው ነው። እኛ ባንዳና አርበኛ የሚሉ ሁለት መሳቢያዎች ሠርተን ሰውን ሁሉ እዛ ውስጥ ለመክተት ስንታገል፣ እንዲህ ያለው ሰው ከሁለቱም ውጭ ይቀራል። በኛ ታሪክም ስንቱ እንደዚህ ቀርቷል።

ከኦማኖቹ በኋላስ? የሞምባሳ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ ኦማንን ለእርዳታ የጠሩት። የመጣው ግን በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። ፖርቱጋሎች በ1728 ተመልሰው ያዙት፣ በ1729 ደግሞ አጡት። ከዛ የማዝሩዊ ቤተሰብ፣ ከዛ የዛንዚባር ሱልጣኖች። በ1895 እንግሊዞች እስር ቤት አደረጉት፤ እስከ 1958 ድረስ በዚያች ጨለማ መተላለፊያ የሚገባው እስረኛ ነበር። ከዛ ተቆፍሮ፣ ተጠግኖ ሙዚየም ሆነ፤ በ2011 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ስንት ባንዲራ ወጣ፣ ስንት ወረደ፤ የካብሬይራ ሲቪ ግን እዛው አለ። ኬንያውያኑ አላነሱትም። ለምን እንዳላነሱት ስጠይቅ አዛውንቱ ያሉኝ አጭር ነው፦ "ካነሳነው ያደረገውን ማን ያምነናል?"

እኛስ ከዚህ ጋር ምን አገናኘን ለምትሉ፣ ብዙ። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 በዚህ ጠረፍ በኩል ነው ወደ ሕንድ ያለፈው። ልጁ ክሪስቶቮ በ1541 400 ወታደር ይዞ በምጽዋ በኩል እኛ ዘንድ ገብቷል፤ ኢማም አህመድን ሊዋጋ መጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ተማርኮ ተገደለ። በ1624 ጄሮኒሞ ሎቦ የሚባለው ኢየሱሳዊ ቄስ ወደ ኢትዮጵያ የሚያስገባ መንገድ ሲፈልግ የመጣው እዚህ ነው፣ ኋላ ካብሬይራ ግንቧን ወዳፈረሰባት ፓቴ፤ በዛ በኩል አልሆን ብሎት ተመለሰ፣ በኋላ በአፋር በኩል ገባ። ቀኑን አስተውሉ፤ ዩሱፍ ምሽጉን አፈራርሶ በወጣበት በ1632 እኛ ዘንድ ፋሲል ነገሠ፣ ብዙም ሳይቆይ ኢየሱሳውያኑን አባረረ። በሁለት ጫፍ፣ በተቀራራቢ ዓመታት፣ ከአንድ እንግዳ ጋር ሁለት አገሮች ተቆራርጠዋል። የትኛውም ትምህርት ቤት ይሄን አንድ ላይ አላስተማረኝም። የምንማረው የራሳችንን ጓዳ ብቻ ነው፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት ማንም አያሳየንም።

አየር ላይ ያለውን ጥያቄ አልሸሽም፦ "ታዲያ የባሕር በር አያስፈልገንም ልትል ነው?" አላልኩም። ለ120 ሚሊዮን ሕዝብ ወደብ የኑሮ ጉዳይ ነው፤ የዘይትና የማዳበሪያ ዋጋ የምትገዙ እናንተ ናችሁ፣ እኔ ላስረዳችሁ አልሞክርም። እኔ የምለው ባሕር የነበራቸው ሰዎች በዚያ በር ምን እንደገባባቸው እንወቅ ነው። እኛ ካርታ ስንለጥፍ በሩ ሰላምታ ይዞ የሚጠብቀን ይመስለናል። የሞምባሳ ሰው በበሩ ደጃፍ ተወልዶ፣ ለአብዛኛው ዘመን በውስጡ አላዘዘም። በሩ ያለበትን አገርና በሩን የያዘውን ሰው አንድ አድርገን እናያለን፤ ሁለቱ ይለያያሉ።

ከምሽጉ ስወጣ መሽቶ ነበር። ወደ አሮጌው ከተማ ገባሁ፤ ጠባብ መንገድ፣ አበባ የተፈለፈለባቸው የእንጨት በሮች፣ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች። አንድ ሰውዬ ከሥሩ ከሰል ያለበት ረጅም የናስ ጀበና ይዞ ቡና ይሸጣል። ካሃዋ ይሉታል። በፍንጃል ቀዳልኝ፤ ዝንጅብል አለበት፣ መራራ ነው። ከየት ነህ አለኝ። ኢትዮጵያ አልኩት። ሳቀና ሁለተኛውን ሳይጠይቀኝ ሞላልኝ፣ "ቡና ከናንተ ነው የመጣው" ብሎ። ገንዘብ ልሰጠው ስል የአንዱን ብቻ ተቀበለኝ። እዛ ቁጭ ብዬ ነው ስልኬን ያወጣሁት።

ጽሑፌን ለማጥፋት ነበር የከፈትኩት። ጣቴ ቁልፉ ላይ ሆኖ የአዛውንቱ ነገር ትዝ አለኝ፤ ካነሳሁት ማን ያምነኛል? ስለዚህ እዛው አለ። ወደ ኋላ ሄዳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ፣ ላይክ ያደረጋችሁትም ስማችሁ እዛው አለ፣ የኔም አለ። ወደ ታች ስወርድ ያቺ ልጅ የጻፈችው ከነሳቅ ምልክቱ ተቀምጧል።

ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ "እህቴ፣ እናትሽን አይደለም። ማንንም መሆን አልነበረበትም። ዓመት ሙሉ ሳልመልስልሽ ስለቆየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። እናትሽ ደህና ናቸው?"

እስካሁን አልመለሰችልኝም። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ገብቼ አያለሁ።